መቱ ላይ ጣራ የሚጠብቅ ቤት

ኢሉባቦር የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚያጣው ሰማይን ነው። አዲስ አበባ ከቤቴ ደጃፍ ቆሜ ቀና ስል ከእንጦጦ እስከ የረር ያለው ሰማይ ሁሉ የኔ ነው። እዚያ ግን ዛፍ ከዛፍ ተቃቅፎ፣ ከዛፉ በላይ ደግሞ ጉም ተኝቶበት፣ መንገደኛ ጠዋቱን ከቀትር የሚለየው በቅጠሉ ቀለም ነው። ከተመለስሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ አሁንም ዓይኔን ስጨፍን ያ አረንጓዴ ጨለማ ይመጣብኛል። ወደዚያ አገር ምናልባት ፈጽሞ ለማትሄዱ ወዳጆቼ ያየሁትን በየቀኑ ተራ ልጻፍላችሁ።

አስቀድሜ ለምን እንደ ሄድሁ ላስረዳ። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ። የአገራችን ትምህርት ሁለት ጫፍ አለው። በታች ፊደልና ቁጥር የሚያስተምሩ ቤቶች አሉ፤ በላይ ደግሞ ባሕር ማዶ ያሉት ታላላቅ ኮሌጆች አሉ፤ መካከሉ ባዶ ነው። ይህን ባዶ ሌላው አገር እንዴት እንደሚሞላው አንብቤያለሁ። በአሜሪካ ትንሹ ኮሌጅ የሚሉት አለ፤ የሚያስተምረው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ልጁ ከእናቱ ቤት እየተመላለሰ ይማርና ሲጨርስ ወይ ሥራ ይይዛል፣ ወይ ትልቁ ኮሌጅ ገብቶ ሦስተኛውን ዓመት ይቀጥላል። ፈረንሳዮች እንዲህ ያለ ማረፊያ የላቸውም፤ በመካከል ያቆሙት አንድ ከባድ ፈተና ነው፤ ያለፈ ይገባል፣ የወደቀ ደጅ ይቀራል። እንግሊዞች በሱዳን ለመንግሥት ጸሐፊና ቀያሽ የሚያወጣ ትምህርት ቤት አቁመዋል፤ ግን ከዚያ በላይ ደረጃው ይቋረጣል ይላሉ።

አለቆቼ እንደ አሜሪካኖቹ ያለ አንድ የሁለት ዓመት ቤት ከአዲስ አበባ ውጭ ለመሞከር ሲያስቡ፣ «ለእኛ ይሁን» ብለው ቀድመው የጻፉት የመቱ ሰዎች ናቸው። ትእዛዜ አጭር ነበር፤ መቱ ያሉትን ተማሪዎች ፈትን፤ ስድስት ካለፉ ቤቱ ለመቱ ይሆናል፤ ከስድስት ካነሱ ለሌላ ከተማ ይሰጣል። እስከ በደሌ ያለውን ረጅም መንገድ ነጋዴዎች ብዙ ስላወሩት እተወዋለሁ።

ረቡዕ። ከበደሌ የተነሣነው በካፊያ ነው። በቅሎ ያከራዩኝና አብረውኝ የመጡት ጋሼ ገመዳ የሚባሉ የበደሌ ሰው ናቸው፤ ከአባቴ በዕድሜ ይበልጣሉ፤ አማርኛውን በኦሮምኛ እያጣፈጡ ይናገራሉ። ሳጥኔን ሲጭኑ «ቀስ ይበሉ፣ የፈተና ወረቀት ነው» እያልሁ ሦስት ጊዜ ነገርኋቸው።

«ወረቀቱ ነፍስ አለው?»

«የሰው ዕጣ አለበት፣ ጋሼ ገመዳ።»

«እንግዲያውስ ይውረድ። በቅሎዬ የለመደችው ጨው ነው፤ የሰው ዕጣ ተሸክማ አታውቅም።»

ያደርነው አንድ ገበሬ ቤት ነው። ባለቤቲቱ የተቀቀለ ጎደሬ ከሚጥሚጣ ጋር አቀረቡልን። ጎደሬ ከመሬት የሚቆፈር ሥር ነው፤ እኛ ድንች እንደምንለው ያለ፣ ግን የሚሙለጨለጭና ቶሎ የሚያጠግብ። አምስተኛውን ስጨምር ሴትዮዋ ሣቁ። እኛ ዘንድ እንግዳ ብዙ ከበላ ባለቤቱ ዝም ይላል፤ እዚያ ይሥቃል፤ መሣቁ ይሻላል።

ሐሙስ። ገባ የሚባለው ወንዝ ክረምቱን ገና አልረሳም ነበር። በቅሎዎቹ እየዋኙ፣ እኛ ከአንድ ግንድ በተፈለፈለ ታንኳ ተሻገርን። ዳር ስንደርስ ለመውረድ ስቸኩል ሳጥኑን በእግሬ ገፋሁት። ታንኳ ቀዛፊው ዘሎ ያዘው፤ ግን ውሃው ቀድሞ ገብቶ ነበር።

ጋሼ ገመዳ ከሳጥኑ የሚወርደውን ሰማያዊ ውሃ ተመለከቱና፣ «ዕጣው ታጠበ» አሉ።

ያዮ ከተማ ላይ የተቀበሉን ኦቦ ዲንሳ የሚባሉ ባለ ቀፎ ናቸው፤ ኦቦ ማለት እንደኛ አቶ ነው። ሚስታቸው ወረቀቶቼን አንድ በአንድ ከእሳቱ በላይ በገመድ ሰቀሉልኝ። የማካፈል ጥያቄ የነበረበት ላይ አሁን ደመና ነበር፤ የፈረንሳይኛው ጥያቄ ሐይቅ ሆኗል። እያየሁ ሳለ ንዴቴ ጠፍቶ አንድ ዓይነት እንቅልፍ መሰል ሰላም ያዘኝ፤ ማንም ያልሣለው የአንድ አገር ካርታ ይመስል ነበር። ፈተናውን በቃል ለማድረግ ያን ማታ ወሰንሁ።

ኦቦ ዲንሳ የምከፍተው ቤት ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። እኔ ደግሞ ሰው ሲጠይቀኝ ነው የምወደው፤ አሜሪካንን፣ ፈረንሳይን፣ ሱዳንን ሁሉ ዘረዘርሁላቸው። ስጨርስ በደጃቸው የቆመውን ግዙፍ ዛፍ በአገጫቸው አሳዩኝ።

«ቀፎው ከላይ ነው። ላይ ቅርንጫፍ ሞልቷል፤ እዚያ የደረሰ አይወድቅም። መሬት ላይ የቆመም አይወድቅም። ሰው የሚሞተው ከመሬት እስከ መጀመሪያው ቅርንጫፍ ባለው ነው።»

«እዚያ ላይ ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ?»

«ገመድ እናስራለን። ገመዱን የሚይዝ ሰው ደግሞ ከታች እናቆማለን።»

የንግግራቸውን የመጀመሪያ ክፍል በማስታወሻዬ ጻፍሁት፤ ለአለቆቼ የሚሆን ምሳሌ ነው ብዬ። ገመድ ስለሚይዘው ሰው ያሉትን አልጻፍሁትም።

ዓርብ። ቀኑን ሙሉ በጫካ ውስጥ ሄድን። ቡናው ማንም ሳይተክለው ከትልልቁ ዛፍ ሥር ይበቅላል፤ ቀዩ ፍሬ በጉሙ ውስጥ ከሩቅ እንደ ፍም ይታያል። ጾም ስለሆነ ስንቃችን ቆሎና ኦቦ ዲንሳ በቅል የሰጡን ማር ነበር። ከቀትር በኋላ በበቅሎዋ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ መሰለኝ፤ ብዙ ተማሪዎች ከየአቅጣጫው አንድ ትምህርት በአንድነት ሲያጠኑ ሰማሁ። አንዱ ሲያቋርጥ ሌላው ይቀበለዋል፤ ድምፁ ግን አይቆምም። ነቅቼ «የት አለ ትምህርት ቤቱ?» አልሁ።

ጋሼ ገመዳ ወደ ላይ አመለከቱኝ። ነጭ ካባ የለበሱ የሚመስሉ ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየተቀባበሉ ይጮሁ ነበር።

«ይፈትኗቸዋ» አሉኝ። ያን ሌሊት ሁሩሙ በምትባል ትንሽ ከተማ አደርን።

ቅዳሜና እሑድ። መቱ ከቀትር በኋላ ገባን። ከተማይቱ በኮረብታ ላይ ናት፤ ነጋዴውም ጸሐፊውም ከሸዋና ከወሎ የመጣ ስለሆነ በገበያው አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ አፍ ይሰማል። ያረፍሁት እትዬ በላይነሽ ዘንድ ነው፤ ባላቸው በነጋዴነት ኖረው ያረፉ፣ ከተማው ሁሉ የሚያከብራቸው ሴት ናቸው። «ልጄ፣ ብላ። ልጄ፣ እግርህን ታጠብ። ልጄ፣ ይህ ኮትህ ለኛ ዝናብ አይሆንም» እያሉ ቤተኛ አደረጉኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እጄን ይዘው ወደ አንድ ቦታ ወሰዱኝ። ግድግዳው ተማግሮ፣ በጭቃ ተመርጎ፣ ውስጡ ተደልድሎ ያለቀ አራት ክፍል ቤት ቆሟል፤ ጣራ ግን የለውም። በአጠገቡ የታጨደ ሳር እንደ ኮረብታ ተከምሯል።

«የኛ ቤት ነው» አሉኝ። «በደቦ ነው የሠራነው። ለሁለት ዓመቱ ትምህርት።»

«ሳይፈቀድ?»

«ሳሩን ሳይፈቀድ አንጥልም ብለን ነው የተውነው። ግን ፈጠን በል ልጄ፤ ሳር ክምር ላይ ብዙ አይቆይም፤ ይበሰብሳል።»

ሰኞ። የመቱ ተማሪዎች መምህር የኔታ ሀብቴ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ ሲራመዱ ጣታቸውን በግድግዳው ላይ ያስኬዳሉ። የሚፈተኑት ተማሪዎች ዘጠኝ ናቸው፤ ብዙዎቹ ጢም ያወጡ ጎልማሶች ናቸው። የመጀመሪያውን፣ ቶሎሳ የሚባለውን፣ አቆምሁና «ሦስት መቶ አርባ አምስትን ለአሥራ አምስት ክፈል» አልሁት።

ቶሎሳ ጀመረ፤ መካከል ላይ ቆመ። ወዲያው ከኋላው አንድ ድምፅ፣ «ሃያ ሦስት» አለ።

«ዝም በል!» አልሁ። ሁለተኛው ሲያመነታ ቶሎሳ ሞላለት። ሦስተኛው ሲሳሳት ሁለቱ ባንድነት አረሙት። ከሁሉ ያስቆጣኝ ማፈር አለመኖሩ ነው፤ ቀና ብለው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነው የሚናገሩት። እኔ ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ ያደግሁት በፈተና ቀን ዓይኑን ወደ ጎረቤቱ ያዞረ በዱላ በሚመታበት ትምህርት ቤት ነው። ሰባተኛው ላይ ደብተሬን ዘጋሁ።

«እናንተ ሌቦች ናችሁ» አልኋቸው።

የኔታ ሀብቴ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ማክሰኞ። በማለዳ ወደ ጎሬ ተነሣሁ፤ የስልክ ቤት ያለው እዚያ ነው። ጎሬ ከመቱ ከፍ ያለች፣ ጉም በጎዳናዋ እንደ ሰው የሚዘዋወርባት ከተማ ናት። ስልከኛው መስመሩን እየደጋገመ ሲጠራ፣ ድምፄ በዚያ ሁሉ ጫካና ወንዝ ላይ በአንዲት ቀጭን ሽቦ እስከ አዲስ አበባ መሄዱን ሳስብ ትልቅ ሰው የሆንሁ መሰለኝ። «ማንም አላለፈም» አልሁ። «ተጽፏል» አሉኝ አለቆቼ።

ረቡዕ። ወደ መቱ ስመለስ ወሬው ቀድሞኝ ነበር። እትዬ በላይነሽ የሽሮ ወጡን አስቀምጠው፣ «ይብሉ፣ መምህር» አሉኝ። እስከዚያ ቀን «ልጄ፣ ብላ» ነበር የሚሉኝ።

«እትዬ፣ ተቀየሙኝ?»

«እንግዳ ነዎት። እንግዳ አይቀየሙም።» ወጥተው ሄዱ። በመስኮቱ ያን የሳር ክምር አየሁ፤ ዝናብ ሲወርድበት ቢጫነቱ እየጠቆረ ነበር።

ሐሙስ። ቤቱ ከበደኝ፤ የሶርን ፏፏቴ ልይ ብዬ ጋሼ ገመዳን ለመንኋቸው። በዚያ አገር ፏፏቴው ከመታየቱ በፊት ይሰማል፣ ከመሰማቱም በፊት ይተነፍሳል፤ ቅጠሉ ሁሉ ከነፋስ ሌላ በሆነ እስትንፋስ ይንቀጠቀጣል። ወደ ገደሉ ግርጌ የሚወርደው መንገድ ረግረግና ሥር ነው። የአገሩ ሰዎች ሲወርዱ ተሰልፈው፣ አንዱ ያንዱን መታጠቂያ ይዞ ነው፤ ከፊት ያለው «ሱታ፣ ሱታ» ይላል፤ ቀስ በሉ ማለት ነው።

«መታጠቂያዬን ይያዙ» አሉኝ ጋሼ ገመዳ።

«ብቻዬን እወርዳለሁ» አልሁ። አሥር እርምጃም አልሄድሁ። እግሬ ከዳኝ፣ ቅጠሉ በጎኔ ሮጠ፣ ከታች ነጩ ጭጋግ አፉን ከፈተ፤ እጅግ የሚገርመው ያን ጊዜ አልፈራሁም፤ እንደ ሕልም ነበር። ከዚያ የኮቴ አንገትጌ ጉሮሮዬን አነቀኝ። ጋሼ ገመዳ በአንድ እጃቸው ሥር፣ በሌላው እጃቸው እኔን ይዘዋል።

«መምህር» አሉኝ ሳይስቡኝ፣ «ልያዝዎ ወይስ ይህም ሌብነት ነው?»

የምይዘው ሥር በእጄ ዳበስሁ።

«ብቻዎን ሲወርዱ ነበር መሰለኝ። ፈተናዎን ላበላሽብዎ?»

«ይያዙኝ» አልሁ።

«እህ። አንድ ተማሪ አለፈ» አሉና ጎተቱኝ።

ፏፏቴውን እንዴት እንደ ነበር ብትጠይቁኝ በደንብ አላየሁትም። ጭጋጉ መካከል ተቀምጬ የመቱን ክፍል ነበር የማየው። ያን ቀን በአቅራቢያው ካሉ የጋሼ ገመዳ ዘመዶች ዘንድ አደርን። ጉልበቴ ተልጦ ነበርና የቤቱ እመቤት በማር አሹልኝ፤ ማን እንደ ሆንሁ አልጠየቁኝም።

ዓርብ። ከሰዓት በኋላ የኔታ ሀብቴ ቤት ሄድሁ። ድምፄን ሲሰሙ ብድግ አሉ፤ እጃቸው ግን ከኔ ትከሻ አንድ ክንድ ያህል ርቆ አየር ላይ ቀረ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ የኔታ አያዩም።

«ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ ልጄ» አሉ። «መጀመሪያ ገጹን የሚያነብልኝ ፈለግሁ። ከዚያ እኔ ስሳሳት የሚያቃናኝ። ከዚያ ሕግ አወጣሁ፤ በዚህ ቤት ወንድሙ ሲደናቀፍ እያወቀ ዝም ያለ ሰው ያን ቀን እራት የለውም። ያወቀውን ደብቆ አስቀርቷላ። እኛ ሌባ የምንለው እሱን ነው።»

«የኔታ፣ ያን ዕለት ለምን አልነገሩኝም?»

«ተጠየቅሁ?»

አንገቴን ደፋሁ። ግን መምህር ነኝና አንድ ነገር አልተፈታልኝም። «ሁሉም ባንድ አፍ ከተናገሩ፣ የሚያውቀውን ከማያውቀው በምን ልለይ?»

«እኔ ዓይን ሳይኖረኝ እለያለሁ» አሉ የኔታ። «የሚያውቅ ሰው ሌላውን ያሳውቃል። ትንሽ ተማሪ ስጠውና ተወው፤ ከዚያ ትንሹን ጠይቅ።»

ወደ እትዬ በላይነሽ ቤት ስመለስ ስለ ትንሹ ኮሌጅ ያነበብሁት ሁሉ በሌላ መልክ ታየኝ። የፈረንሳዮቹ ፈተና በር ነው፤ የአሜሪካኖቹ ቤት ገመድ ነው። ገመድ ግን ከታች የሚይዘው ሰው ከሌለ ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ሐረግ ብቻ ነው። ኦቦ ዲንሳ ነግረውኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያልጻፍሁት።

ሰኞ። ዘጠኙን በዚያ ጣራ በሌለው ቤት ሰበሰብሁና ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ለእያንዳንዱ ከፊደል ቤት አንዳንድ ጀማሪ ሰጠሁና፣ «ጀማሪው የማያውቀውን ክፍልፋይ እስከ ቀትር አስተምሩት» አልሁ። ቀትር ሲሆን አስተማሪዎቹን ከአጥሩ ውጭ አስወጣሁ። ከተማው ሁሉ እዚያው ቆሟል፤ እትዬ በላይነሽም ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊት ነበሩ።

ጀማሪዎቹን ብቻቸውን ጠየቅሁ። አምስቱ ጀማሪዎች መለሱ። ሦስቱ አልቻሉም። የቀረው የቶሎሳ ደቀ መዝሙር ብቻ ነው፤ ኩምሳ የሚባሉ፣ ከዳሪሙ በእግራቸው የመጡ፣ ቡና ሲለቅሙ የኖሩ፣ በዕድሜ ቶሎሳን የሚያክል ልጅ ያላቸው አባት።

«ጋሼ ኩምሳ፣ ከአንድ ድፎ ዳቦ ግማሹ ለጎረቤት፣ ሲሶው ለቤተ ዘመድ ቢሰጥ ስንት እጅ ይቀራል?»

ኩምሳ በመዳፋቸው ላይ በጣታቸው ዳቦ ሣሉ። ግማሹን ቆረጡ። የቀረውን እንደገና ከፋፈሉ። «ስድስት ቦታ ነው የሚከፈለው» አሉ በቀስታ። «ሦስቱ ሄደ። ሁለቱ ሄደ።» ከዚያ ቆሙ። ላብ በግንባራቸው ወረደ። ከአጥሩ ውጭ ቶሎሳ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁ፤ ከዚያ እንዳይናገር አፉን በእጁ እንደ ያዘ ኋላ ነገሩኝ። የኔታ ደጃፉ ላይ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገዋል። ጣራ በሌለው ቤት ላይ ጉሙ ወረደ። ኩምሳም እኔን አዩኝ።

«ከስድስት አንዱ» አልሁ።

አፌ ነው የተናገረው። ሳላስበው ወጣ። ኩምሳ «እሱን እኮ ልል ነበር!» ብለው ጮሁ፤ ከአጥሩ ውጭ ሣቅ እንደ ወንዝ ፈሰሰ።

ማክሰኞ። ጎሬ፣ ያው ስልክ ቤት። ሽቦው እንደ ያዮ ንቦች ይጮሃል።

«አምስት አልፈዋል» አልሁ።

«ማንም አላለፈም ብለህ ነበር።»

«አጠያየቁ ላይ ተሳስቼ ነው።»

«እሺ። ስድስት ነው ያልነው ግን። ስድስተኛውስ?»

መዋሸት ይቻል ነበር። ከገባ ወንዝ ማዶ ማን ያውቃል? «ስድስተኛው ቆሞ ነበር» አልሁ። «የቀረውን ቃል እኔ ነገርሁት።»

«ጠብቅ» አሉኝ። ያን ዕለት መልስ አልመጣም። በማግስቱ ጠዋት ስልከኛው በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ሰጠኝ፤ «እንግዲያስ ስድስተኛው አንተ ነህ። መጥተህ ዕቃህን ውሰድና ሁለቱን ዓመት አብረሃቸው ጨርስ።»

መቱ ስደርስ የቤቱ ወጋግራ ላይ ሰዎች ተሰቅለዋል፤ ከታች ያሉት ሳር ያቀብላሉ። «ማን ፈቀደ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ማንም» አሉኝ እትዬ በላይነሽ። «ሳሩ ይበሰብሳል እኮ። ልጄ፣ ምን ቆመህ ታያለህ? አቀብል።» ወረቀቱን በኪሴ እንዳለ ትቼ እስኪመሽ ሳር አቀበልሁ፤ ያነበብሁላቸው ጣራው ከተከደነ በኋላ ነው።

ነገ ማለዳ ከአዲስ አበባ ወደ መቱ እነሣለሁ። አሁን ሳጥኔ ውስጥ የፈተና ወረቀት የለም። ጋሼ ገመዳ በደሌ ይጠብቁኛል፤ በቅሏቸው የለመደችው ስለሆነ፣ በሳጥኔ ጨው ይዤላታለሁ።